ድሮንና የወሰን ምስክር

በአቀስታ ዙሪያ ባለው የለጋምቦ ደጋ ማሳው ጠባብ ነው፤ ወሰኑም ብዙ ጊዜ አንድ ድንጋይ ወይም ቀጭን የሣር ድንበር ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ድሮን ከላይ ሲያነሳውና ተደራራቢ ምስሎቹ መሬት ላይ በተለኩ ነጥቦች ሲታረሙ፣ ስህተቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ካርታ ይወጣል። ግን ትክክለኛ ልኬት ፍትሕ ነውን? አይደለም እላለሁ። ካሜራው የሚያየው ድንጋዩ ዛሬ ያለበትን ቦታ ነው፤ ማን እንዳስቀመጠው አያውቅም፤ ያን የሚናገረው ምስክርና ሽማግሌ ነው። ሌሊት የተገፋ ወሰን ረፋድ ላይ በድሮን ፎቶ ቢነሳ፣ ካርታው ግፉን ያጸናዋል። ኦሪት ዘዳግም የባልንጀራን ወሰን መግፋት ይከለክላል፤ የእስልምና ትምህርትም ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደን ሰው በከባድ ቅጣት ያስጠነቅቃል። በወሎ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ እምነቶች ነገሩን በፈጣሪ ፊት ያቆሙት፣ ይህ በደል ከሰው ዓይን ሊሰወር ስለሚችል ይመስለኛል።

ምስክርም ይዋሻል፣ ሽማግሌም ለዘመድ ያደላል የሚል ሰው እውነት አለው። አቅመ ደካማዋን ባልቴት ጉልበተኛ ጎረቤት ሲገፋት ዝም ያለ መንደር ጥቂት አይደለም። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር መሬት እንዲለካና ባለይዞታው የማረጋገጫ ደብተር እንዲያገኝ መደንገጉ፣ በአማራ ክልልም የሚስት ስም ከባሏ ጋር መመዝገቡ ትልቅ መከታ ነው። ድሮኑ ይህን ሥራ ካፋጠነ እሰየው። ነገር ግን ፍጥነቱ ሰውን የመጠየቂያውን ጊዜ መብላት የለበትም፤ ምስሉ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይዘርጋ፣ ተዋሳኞች ወሰኑን አብረው ይርገጡ፣ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደች ባለይዞታም በወኪሏ በኩል ቅሬታዋን ሳታሰማ መዝገቡ አይዘጋ።