ብርጭቆ የጠጣ ሞተር

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርድ ኤክስፕሎረሬን አስረክቤ አዲስ ኮሮላ ገዛሁ። መንግሥት ነዳጅ ጠጪ መኪኖችን ከመንገድ ለማስወገድ ባወጣው ፕሮግራም 4,500 ዶላር ደጎመኝ። አሮጌው በጋሎን ከ18 ማይል በላይ የማይሄድ ነዳጅ ጠጪ፣ አዲሱ ቆጣቢ መሆን ነበረበት። ደግሞ አሮጌው የሚሠራ ይሁን ይል ነበር ደንቡ። ሞቶ የቆመ መኪና ነዳጅ አይጠጣምና አይቀበሉትም ነበር። የሚፈልጉት በሕይወት ያለውን ነበር፣ ሊገድሉት።

የረሳሁትን ዕቃ ልወስድ በተመለስኩ ቀን አገዳደሉን አየሁ። ዘይቱን አፈሰሱ፤ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ብርጭቆ አጠጡት። አስነስተው ፔዳሉን ረገጡ። ጥቂት ደቂቃ አጓራ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ውስጡ ተጣብቆ ቆመ።

ማታ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጠው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ ፒስተኑንም?» አለኝ።

ፒስተኑንም። በሩም መብራቱም ተነቅሎ ይሸጥ ነበር፤ ለሞተሩ ግን ምሕረት አልነበረም። ምክንያት ነበራቸው፤ ካልተገደለ ሌላ አገር ተሻግሮ ያንኑ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጭሱም የሁላችን ነው። ይህን መካድ አልችልም። ግን ጌታ አምስት ሺህ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይባክን ማስሰብሰቡን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናታችን የወደቀ እንጀራ አንስታ ትስም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ670,000 በላይ መኪኖች እንዲህ ሲሸኙ ምን ትል ነበር?

እኔን የከነከነኝ ግን ብክነቱ ብቻ አይደለም። የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ይስቁብኝ ይሆናል፤ ነገሩ የንስሐ ጥያቄ ሆኖብኛል። ለዓመታት ብቻዬን በዚያ ትልቅ መኪና ሥራ የተመላለስኩ፣ ነዳጁን ያቃጠልኩ እኔ ነኝ። ኤክስፕሎረሩ ወደ ነዳሁት ከመሄድ ሌላ ምን አጠፋ? ንስሐ የገባ ሰው ቀኖና ይቀበላል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ይመጸውታል። እኔ የተቀበልኩት 4,500 ዶላርና አዲስ መኪና ነው። ቀኖናውን ሞተሩ ፈጸመልኝ። እንዲህ ያለው ንስሐ አየሩን ሊያጠራ ይችላል፤ እኔን ግን አላጠራኝም። ኮሮላዋንም ቢሆን ሲያሰኘኝ ለሁለት ምዕራፍ መንገድ አስነሳት ነበር፣ ቆጣቢ ናት እያልኩ።

በመስከረም ለወንድሜ 450 ዶላር ላክሁለት። አሥራት ነው አላልኩትም።