ከእርሻው የወሰድነውን ማን ይመልሳል?

በአገራችንና በጎረቤት አገሮች ኦርጋኒክ ግብርናን ለመደገፍ ልዩ ልዩ የምርምር ሥራዎች ተካሂደዋል፤ በመካሄድም ላይ ናቸው። ተመራማሪዎች በእነዚህ ሥራዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ ይታወቃል፤ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መርዝ የሚታረስ መሬት ገበሬውን ከነቤተሰቡ ሊመግብ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከእርሱ ጋር የተያያዘና ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን፤ ይህኛው የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ ነውና። ከመሬት የተወሰደውን ለመሬት የመመለስ ግዴታ የማን ነው? የአራሹ ብቻ ነው ወይስ የበላተኛውም ጭምር?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከጎጃም ወይም ከአድአ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ የሚመጣው እህል ብቻ አይደለም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎችም አፈሩ ለሰብሉ የሰጣቸው ንጥረ ነገሮች አብረው ይመጣሉ። ናይትሮጅኑን እንደ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ያሉ ጥራጥሬዎች ከአየር ስበው በከፊል ሊተኩት ይችላሉ፤ ፎስፈረስን ከአየር የሚያመጣ አዝመራ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣና ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያሉትን የአፍሪካ አገሮች ያነጻጸረ ጥናት፣ አፈራቸው እጅግ ከሚራቆትባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን መድቧት ነበር። ይህ በተነገረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በገበሬው ላይ ነው፤ ኩበት አነደደ፣ ገለባውን ለከብት አበላ፣ ተዳፋቱን አረሰ ይባላል። እርግጥ ነው፣ ያደርገዋል። ነገር ግን ኩበቱ የነደደው በገጠር ምድጃ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም ብዙ እንጀራ ተጋግሮበታል።

ገበሬው በበኩሉ ምን ያህል ሊመልስ እንደሚችል ከሚያሳዩት ሥራዎች ሁሉ በቅድሚያ መጠቀስ ያለበት በትግራይ የተደረገው ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በመተባበር በአራት የገበሬ ማኅበረሰቦች ሥራውን ጀመረ። ከእነዚህ አንዷ በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የምትገኘው አዲ አቦ ሙሳ ነበረች። የዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ ሥራውን ለብዙ ዓመታት በቅርብ ተከታትለውታል። ለገበሬዎቹ የቀረበላቸው ነገር እንግዳ አልነበረም። አረም፣ ገለባ፣ አመድ፣ እበትና የግቢ ጥራጊ በጉድጓድ እየተደራረበና እየረጠበ እንዲበሰብስ፣ ከዚያም ወደ ማሳ እንዲገባ ነው። ከዚሁ ጋር ቦረቦር ተገደበ፤ ሣርና ዛፍ ተተከለ፤ ከብት እንደ ልቡ እንዳይሰማራ ማኅበረሰቡ ራሱ የመተዳደሪያ ደንብ አወጣ።

እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ማሳዎች ምርቱ ተለካ። አለካኩም ከእያንዳንዱ ማሳ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሦስት ቦታዎችን አጭዶ እህሉንና ገለባውን መመዘን ነበር። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ማሳ እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ፤ በአብዛኞቹ ሰብሎችም የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበት ማሳ ጋር ተስተካከለ ወይም በለጠ። ገበሬዎቹ ደግሞ የኮምፖስቱ ኃይል በሁለተኛውም ዓመት እንደማይጠፋ መሰከሩ። ውጤቱን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2007 አሳትሞታል፤ የክልሉ ግብርና ቢሮም ሥራውን ከኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ጋር አዋሕዶታል።

በገበሬው ማሳና በገበሬው ምርጫ የተደረገ ሙከራ በምርምር ጣቢያ እንደሚደረገው ሁሉን ነገር እኩል አድርጎ ሊያነጻጽር አይችልም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። እኛን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀን ሥራው የተሠራበት መንገድ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ እንዳይገዛ አልተከለከለም፤ የሚመርጠው እርሱ ነበር። ለማዳበሪያ መግዣ የተወሰደ ብድር ዝናብ ሲቀር ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የኮምፖስት ጉድጓድ ግን ብዙ ጉልበት ቢጠይቅም ወለድ አይጠይቅም። ጉልበቱን ማቃለል አይገባንም። እርጥብ ኮምፖስት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሸክሙም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ላይ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት የዘለቀው ጦርነትም የትግራይን ብዙ ገበሬ በሬውንና ዘሩን አሳጥቶታል። ያም ሆኖ ሙከራው ያሳየው ነገር በጦርነት አይሻርም።

ታዲያ ይህ ሙከራ ያልመለሰው ጥያቄ አለ። በመንደሩ ጉድጓድ የሚበሰብሰው በመንደሩ የቀረው ነው፤ አረሙ፣ ገለባው፣ አመዱ። ተሸጦ የሄደው እህል ወደ ጉድጓዱ አይገባም። በዚህ ረገድ ሌሎቹም ምርምሮች ከዚህ የተለዩ አይደሉም። በኬንያ በቲካና በቹካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኦርጋኒክና የተለመደውን አስተራረስ ጎን ለጎን ሲያነጻጽር የቆየ የረጅም ጊዜ ሙከራ አለ፤ በቂ ግብዓት ባገኘ ኦርጋኒክ ማሳ የበቆሎው ምርት ከተለመደው ጋር እንደሚቀራረብ፣ ነገር ግን ትርፉ እስኪስተካከል ዓመታት እንደሚወስድ አሳይቷል። በአፍሪካ ኅብረት አነሣሽነት በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ አገሮች፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ሥነ ምሕዳራዊ ኦርጋኒክ ግብርናን ለማስፋፋት የተጀመረ የጋራ ሥራም አለ። ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም ሁሉም የሚለኩት በሄክታር ነው፤ የሒሳቡ ድንበር የማሳው ድንበር ነው። ድንበሩን እዚያ ላይ ያሰመረው ተመራማሪ ከሳይንስ ሥራው ጋር ሳያስበው አንድ የሥነ ምግባር ውሳኔም ወስኗል እንላለን፤ የሚበላውን ሰው ከሒሳቡ አውጥቶታልና።

ለምነት ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚሄድ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእንሰትን ጓሮ የሚያውቁ ብዙ የጉራጌ ልጆች በክፍለ ከተማችን ይኖራሉ። እንሰቱ በቤቱ ዙሪያ ይተከላል፤ የከብቱ እበት በየጊዜው እየተዛቀ ወደ ሥሩ ይሄዳል፤ የጓሮውም አፈር ጠቁሮና ወፍሮ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ከብቱ የጋጠው በሩቁ ግጦሽ ነው። የጓሮው መወፈር በከፊል የግጦሹ መክሳት ነው። ልዩነቱ በዚያ አገር የተወሰደው ቢያንስ አፈር ላይ መውረዱ ነው፤ ከጓሮው ተመልሶ ሰውንና ከብትን ይመግባል። አዲስ አበባ የገባው ለምነት የት ይወርዳል?

መልሱን የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከተማይቱ የምትጥለውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያከማቸችው በእኛው ክፍለ ከተማ ዳርቻ በረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው ክፍል የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠልና አመድ። ይህ ሁሉ የማንም ማሳ ቅሬት ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አጠገብ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ቆሻሻው ወደዚያ መጋዝ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው ኑሯቸውን፣ ፍሳሹም ውኃቸውንና ከብቶቻቸውን እንደ ጎዳ ተናገሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ስፍራው ተዘግቶ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከአንድ መቶ አሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በዚያው በረጲ ተመረቀ።

የሰንዳፋን ነገር ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። ከተማው ከገበሬው የወሰደውን በእርግጥም ወደ ገበሬው መልሶ ወስዶ ነበር፤ ነገር ግን ከፕላስቲክ፣ ከባትሪና ከመስታወት ስብርባሪ ጋር ቀላቅሎ። ባለዕዳ ለአበዳሪው መርዝ የገባበት እህል ቢመልስለት ከፈለ አይባልም። እምቢ ያለው ገበሬ ትክክል ነበር። ፋብሪካውም ቢሆን፣ ቆሻሻውን መቀነሱና ብርሃን መስጠቱ ሳይካድ፣ የሚነደው ናይትሮጅን ወደ አየር ይበተናል፤ አመዱም ለእርሻ የሚሆን አይደለም። እርጥብ ልጣጭን ማቃጠል፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚገርም አሠራር ነው፤ የሚነድደውን ያህል የሚያጨሰው ይበዛል።

ሌላው የመመለሻ መንገድ ወንዙ ነው፤ እርሱም ያው ነው። ትንሹ አቃቂ የምዕራብ አዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ ሲወርድ በዳርቻው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማበታል። አትክልተኞቹ ውኃው ማዳበሪያ ያለው መሆኑን ያውቃሉ፤ ተሳስተውም አይደለም። ነገር ግን በከተማው ወንዞች በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ለምነቱና መርዙ በአንድ ቦይ ይመጣሉ። እነዚህን ሰዎች ከመውቀሳችን በፊት መርዙን ከላይ ማን እንደሚለቅቅ መጠየቅ ይገባናል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ዕዳው በፋብሪካ ማዳበሪያ ይከፈላል፤ ከውጭ የሚገባው ከረጢት የሄደውን ይተካል፤ ሌላው ሁሉ የከተሜ ቅንጦት ነው ይባላል። ተቃውሞውን አንንቀውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የስሪላንካ መንግሥት የፋብሪካ ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፤ የሻይ ገበሬዎች ጮኹ፤ እገዳው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አካባቢ ተነሣ። ሆዱ የሞላ ሰው የራበውን ገበሬ ማዳበሪያ አትንካ ብሎ ቢያዘው ግፍ ይሠራል። ነገር ግን ከረጢቱን የሚገዛው ማን ነው? የሚገዛው ገበሬው ነው፤ ያውም በብድር። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር ጭማሪው ያረፈው በእርሱ ላይ ነው፤ መንግሥት የተወሰነውን ቢሸከምም። ጤፉን የበላነው እኛ ነን፤ ከጤፉ ጋር የሄደውን ፎስፈረስ ሁለተኛ የሚገዛው ግን እርሱ ነው። የጤፍ ዋጋ ይህን ሁሉ ይጨምራል የሚል ሰው ይኖራል። መኸር እንደ ገባ ዕዳ ለመክፈል ሲል በርካሽ የሚሸጠውን ገበሬ ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 488/1998 የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን ደንግጋለች። አዋጁ በዋናነት የሚመለከተው ምን ዓይነት ምርት ኦርጋኒክ ተብሎ ሊሸጥ እንደሚችል ነው፤ ለገዢው ዋስትና ነው። ለሻጩ አፈር የሚሰጠው ዋስትና ግን አልታየንም።

ምርምሩ የማሳውን ድንበር አልፎ ወደ ከተማ ቢገባ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ከአየር ጤናና ከቤቴል ቤቶች የሚወጣው ልጣጭ ገና ከማድ ቤቱ ተለይቶ ቢሰበሰብ ምን ያህል ንጹሕ ኮምፖስት ይወጣዋል? ከባድ ብረቱስ ምን ያህል ነው? ማነው የሚለየው፤ የቤት ሠራተኛዋ ናት? ለተጨማሪው ድካሟስ ይከፈላታል ወይስ በትግራይ ዳገት ላይ ያየነው ሸክም በከተማም በሴት ጀርባ ላይ ይወድቃል? ገበሬው ኮምፖስቱን በገዛ ማሳው ሞክሮ፣ ካልወደደው እምቢ የማለት መብቱ እንደ አዲ አቦ ሙሳ ገበሬዎች ይጠበቅለታል? እነዚህን ለመመለስ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ ጉድጓድና ጥቂት ዓመታት ይበቃሉ።

የሚያስቸግረው መንገዱ ነው። ኮምፖስት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ስለሆነ ጎጃም ድረስ ተጭኖ ኪራዩን አይችልም። ሊደርስ የሚችለው በቅርብ ላሉት እርሻዎች፣ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሰበታ በኩል ለሚገኙት ነው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚወስደውን መንገድ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተመላለስን ሰዎች እርሻው በየዓመቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይተናል። ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት በነበረው ስፍራ ዛሬ ፎቅና መጋዘን ቆሟል፤ ብድራችንን ልንመልስለት የምንችለው የቅርቡ ገበሬም ከመሬቱ እየተነሣ ነው።