ሳይጎዱ ማወቅና የገጽ ምስክርነት

ወርቅ በእሳት መፈተኑ በሃይማኖት መጻሕፍት ለነፍስ ፈተና ምሳሌ ሊሆን የቻለው፣ በአንጥረኛው ምድጃ እውነት የሚገለጠው ነገሩ ሲቀልጥ በመሆኑ ነው። ዛሬም እጅግ ከሚታመኑት የወርቅ መመርመሪያ ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ከወርቅ ጡብ የተቆረጠ ቅንጣት ከእርሳስ ጋር ይቀልጣል፤ እርሳሱ ርካሽ ብረቶችን ይዞ ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከወርቁ ጋር የቀረው ብር በናይትሪክ አሲድ ሟምቶ ሲወጣ ንጹሑ ወርቅ ይመዘናል። ቅንጣቷ ግን ወደ ቀድሞ መልኳ አትመለስም። አንድን ነገር በእርግጥ ለማወቅ ነገሩን ማፍረስ የግድ ነውን?

የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ቁስ በራጅ ጨረር ሲመታ በሚያወጣው የራሱ ጨረር ንጥረ ነገሮቹን የመለየት ዘዴ፣ ግድ አለመሆኑን የሚያስረዳ ይመስላል። የሚላከው ጨረር ከአቶሙ ውስጠኛ እርከን ኤሌክትሮን ሲያስወጣ፣ ከላይኛው እርከን ሌላ ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል፤ የሁለቱ እርከኖች የኃይል ልዩነትም ለዚያ ንጥረ ነገር ብቻ የተወሰነ ራጅ ሆኖ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የዚህ ጨረር ድግግሞሽ ከአቶማዊ ቁጥር ጋር በጥብቅ ሥርዓት እንደሚጨምር አሳየ። ዛሬ ፋብሪካዎች ቅይጥ ብረቶችን፣ ወርቅ ገዢዎችም ካራትን በዚሁ መንገድ በጥቂት ሰከንዶች ይለያሉ።

ነገር ግን የወርቅ ጨረር በራሱ በወርቁ ስለሚዋጥ፣ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው በአመዛኙ ከጥቂት ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ እጅ ጥልቀት የመነጨው ነው። መሣሪያው የሚመሰክረው ስለ ገጹ ነው፤ ከገጹ ወደ ውስጡ የሚሻገረው ፍርድ የመርማሪው እምነት እንጂ የመሣሪያው ንባብ አይደለም። ስለዚህ የካራቱን ቁጥር ብቻ ይዞ የምርመራውን ጥልቀት የማይገልጽ ማረጋገጫ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ካየው በላይ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከነበሩት የወርቅ ጡቦች አንዳንዶቹ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆነው መገኘታቸው ገጽን ማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል። ብረት በክብደቱ ሊታወቅ ይችላል፤ ተንግስተን ግን እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.25 ግራም፣ የወርቅም 19.3 ግራም በመሆኑ ሚዛንን ሳይቀር ያታልላል።

ይህም ሆኖ መፍትሔው ወደ ምድጃ መመለስ ብቻ አይደለም። ለሰው ጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድ በተንግስተን ውስጥ ከወርቅ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚጓዝ፣ ጡቡን አቋርጦ የሚመለስበት ጊዜ የተደበቀውን ልብ ያጋልጣል። ራጁ የገጹን ምንነት በስሙ ይጠራል እንጂ ውስጡን አያይም፤ ድምፁ ደግሞ ውስጡ ባዕድ መሆኑን ይለያል እንጂ ባዕዱ ምን እንደሆነ አይናገርም።