ቦታ የበላው ዘፋኝ

ላንቴ ውስጥ፣ በሙዝ ማሳ መሃል ያደገ አንድ ልጅ ነበር። አንዴ የሰማው ዜማ ከጆሮው አይወጣም። አባቱ ጥሬ ሙዝ አይሱዙ ላይ ሲጭን እሱ ዳር ቆሞ የሞተሩን ድምፅ በዋሽንት ያስመስላል። ሰፈርተኛው ሁሉ “ይህ ልጅ ያሬድ ይግባ” አለ። ተፈትኖ ገባ።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እዚያ የማያውቅ የለም፤ ትምህርት አልገባ ብሎት ኮብልሎ ሳለ፣ ደጋግሞ እየወደቀ በሰባተኛው ሙከራ ዛፍ ላይ የወጣውን ትል አይቶ ተመለሰ። የላንቴው ልጅም ያንን ትል ሆነ። ሽሮ ሜዳ ካለው ከሸማኔ አጎቱ ቤት በማለዳ ይወጣል፤ መለማመጃ ክፍሉን ዘግቶ ጣቱ እስኪላጥ ማሲንቆ ይመታል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ጠንቅቆ ያዘ። ኖታ በማንበብ የሚደርስበት ጠፋ። አብሮ መጫወት ሲመጣ ግን ፊቱ ይከብዳል፤ “እነሱ ወደ ኋላ ይጎትቱኛል” ይላል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ማንም አይገሥጸውም፤ ሰነፍ አይደለማ።

ለመስቀል አገሩ ገባ። ጋሞ በመስቀል ከየትም ተጠራርቶ ይሰበሰባል፤ ልጁም ዶርዜ አያቱ ዘንድ ወጣ። የዶርዜ ዘፈን እስከ አምስት ድምፅ ይደራረባል። በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጥቶ ይህንኑ ቀርጾ በሸክላ አሳትሟል። ልጁ በበዓሉ የሚዘፈነውን በስልኩ ቀዳው፤ ሌሊቱን ከቀርከሃው ቤት ሳይወጣ አምስቱንም ድምፅ በኖታ ጻፈ።

“አባባ፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ” አላቸው ጠዋት።

“ጎሽ። ግባና አሳየና።”

ገባ፤ ከላይ የሚሄደውን ዜማ ያዘ። ጥቂት እንደሄደ ዘፈኑ ተናጋና ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ እንደ አንድ ዜማ የጻፈው የሁለት ሰው ነበር። አንዱ አጭር ድምፅ ወርውሮ ዝም ይላል፤ ሌላው በዚያች ክፍተት የራሱን ይጥላል፤ ሲቀባበሉ ከሩቅ ለሚሰማ አንድ ሰው ይመስላሉ። ልጁ ሁለቱንም ብቻውን ሲዘፍን ከጎኑ ያለው ሰው መግቢያ አጣ። ያ ሰው ዝም ሲል እሱን ሰምተው የሚነሡት ሁሉ ጠፋባቸው።

“እኔ እኮ ዜማውን አልሳትኩም።”

“አልሳትክም ልጄ። ቦታውን ነው የበላህበት” አሉና እጁን ይዘው ወፍራሙን ድምፅ ከሚያስረዝሙት መሃል አቆሙት።

እዚያው ዋለ። አፉ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ ጆሮው ነፃ ሆነ፤ ማን ከማን እንደሚቀበል፣ የቱ ሽማግሌ ሲደክመው የትኛው ጎረምሳ ቀስ ብሎ እንደሚተካው ያየው ያን ጊዜ ነው። ይህን ሌሊቱን የጻፈው ወረቀት አልያዘውም። ሲመሽ አያቱ አንዲት “ሆ” ጨመሩለት። እሷን ቦታዋን ጠብቆ ለማስገባት ደጋግሞ ሳተ፤ የትኛውም የማሲንቆ ልምምድ እንዲህ አላላበውም።

በጥቅምት ትምህርት ተጀመረ። አንድ ማታ ባለ ክራሯን፣ ባለ ትራምፔቱንና ባለ ዋሽንቱን ለመነና መሣሪያቸውን አስቀምጦ በክብ አቆማቸው፤ ለየአንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ድምፅ አከፋፈለ። ተሳሳቱ፣ ተጨቃጨቁ፣ እንደገና ጀመሩ። ዘበኛው ሊቆልፉ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ሲመጡ ልጁ በሩ ድረስ ሮጦ፣

“ጋሼ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል፤ እባክዎ አንዴ ይግቡልን” አላቸው።