ሕዝብን ወደ ግፍ ስለሚነዱ ሰዎች

ሰው ብቻውን ሳለ ሊያስበው እንኳ የሚያፍርበትን ክፉ ነገር ከብዙዎች ጋራ በቆመ ጊዜ ያለ ኀፍረት ሲያደርገው ይታያል። ይህም የሚሆነው እያንዳንዱ የገዛ ኅሊናውን ለጎረቤቱ አደራ ስለሚሰጥ ነው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ለሌላው ሰጥቶታል። የሁሉም አደራ በመጨረሻ ከፊት ቆሞ በሚናገረው በአንዱ ሰው እጅ ይወድቃል። እንግዲህ ያ ሰው ሕዝቡን በምን ይይዘዋል? ብለን ብንጠይቅ፥ በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የኤፌሶን ሁከት ደኅና አድርጎ ያስረዳናል።

ድሜጥሮስ የሚባል አንጥረኛ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር ያሠራ ነበር። የጳውሎስ ስብከት ገበያውን እንዳያጐድልበት ስለ ፈራ የሙያ ባልንጀሮቹን ሰበሰበ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ትርፋቸው ነበር፤ ቀጥሎ ግን የአርጤምስ ክብር ሊዋረድ ነው አለ። ከሁለቱ ነገሮች በአደባባይ የተጮኸው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ስለ አንጥረኞች ትርፍ ከተማ አይነሣምና። ስለ አምላኩና ስለ አገሩ ስም ግን ይነሣል። ሕዝቡም የጳውሎስን ባልንጀሮች ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን እየጐተተ ወደ ትያትሩ ሮጠ፤ ሁለት ሰዓት ያህልም ጮኸ። ሉቃስ እንደሚነግረን ግን የሚበዙት ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ አያውቁም ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይቻልም። አምላክ የሚሏትን የሚያከብሩ፥ ከተማቸውንም የሚወዱ ነበሩ። ወደ ግፍ የሚነዳ አለቃ የሰውን ክፋት ብቻ ሳይሆን መልካሙንም ፍቅር ለክፉ ሥራ ይጠምደዋል። ሰው በሚንቀው ነገር አይታለልም፤ በሚወደው ነገር ግን ይታለላል። ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ይልቁን ሊጠነቀቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ይህ የአረማውያን ነገር ነው ብሎ የሚጽናና ክርስቲያን ቢኖር የሩዋንዳን ታሪክ ይመልከት። የሚበዛው ሕዝብ ክርስቲያን በሆነባት በዚያች አገር፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ሥራውን የጀመረ አንድ ራዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። ሰው ጎረቤቱን ለመግደል እጁ ይከብደዋል፤ በረሮ ለመግደል ግን አይከብደውም። ደግሞም ካልቀደማችኋቸው ይፈጇችኋል እየተባለ ግድያው ራስን መጠበቅ መሰለ። በ1994 በ100 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተገደሉ፤ በንያማታና በንታራማ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሸሹት በዚያው ተፈጁ። በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ከራዲዮኑ መሪዎች በሁለቱ ላይ ፈረደ። ከካህናትም ወገን በዚያ ፍጅት የተፈረደባቸው አሉ።

የኤፌሶንን ጩኸት ያበረደው የከተማይቱ ጸሐፊ ነው። ሕዝቡን አልሰደበም፥ በጩኸትም አልተወዳደረም፤ የተያዙት ሰዎች ቤተ መቅደስ እንዳልዘረፉ አስታወሰ፥ ክስ ያለውም ወደ ዳኛ ይሂድ አለ። የሕዝብ ቍጣ ስለ ወገን ይናገራል፤ ፍርድ ግን ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ሥራ ይጠይቃል። ጲላጦስም፥ ምን ክፋት አደረገ? ብሎ ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን የሚያነሣሡትን አለቆች ምቀኝነት እያወቀ ጩኸቱን ፈርቶ እጁን ታጠበ። እንግዲህ እውነትን ማወቅ ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ ካህን በዐውደ ምሕረት፥ የተማረም ሰው በማኅበርና በአደባባይ ቍጣ ሲነሣ ባየ ጊዜ፥ ትርፉ የማን ነው? የተከሰሰውስ ሰው ራሱ ምን አደረገ? ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቅ። ይህን በመጠየቁ ፈሪ ወይም ከሐዲ ቢባልም ይታገሥ። በእግዚአብሔር ፍርድ ፊት ሕዝብ ተሰልፎ በአንድ ቃል አይመልስምና፤ ሰው ሁሉ ስለ እጁ ሥራ ለብቻው ይጠየቃል።