አደራና ወንበር

ለመሆኑ ሕዝብ መርጦ የሰጠውን ወንበር፣ የተመረጠው ሰው «አልቀመጥበትም» ብሎ ሊተወው ይገባዋልን? ጥያቄዋ ሲያዩዋት ትንሽ ትመስላለች። የሕግ ሰው ቢጠየቅ «ማንም ሳይወድ በግድ ምክር ቤት አይገባም» ብሎ ባንድ ቃል ይዘጋታል። እኔ የማነሣት ግን በሕግ በኩል አይደለም። ነገሩ የሕሊና ነው። ሕሊናም ቢሆን ባየር ላይ አይመዘንምና፣ ባደግሁበት በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈር አስገብቼ ልመዝናት እሞክራለሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰው ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ተሰጠው። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት ነበር። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች አንድም ሳያስቀር ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱ የእርሱ ሆኑ፤ አንዲት ብቻ አመለጠችው። እንዲህ ያለ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ተፎካካሪ በሌለበት አገር ነው። እዚህ ግን ያሸነፈው ተቃዋሚው ነበር።

ስለዚያ ምርጫ በተወራ ቁጥር የሚነሣው ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ነው፤ ቀጥሎም በቴሌቪዥን የተላለፈው ክርክር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ሰልፈኛ ከሰልፍ በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ድረስ ተከትሎ የገባው ማን ነበር? በእኛ ሰፈር እንግዳ ሰው አልነበረም። ከመንገዱ ጥግ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ሦስት አራት ወጣቶች፣ ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ የምታስይዝ አንዲት ሴት። ደመወዝ የላቸው፣ መኪና የላቸው። ማታ ማታ ከግቢ ግቢ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ልብስ ሰፊው እናቴን ሲያነጋግራት በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ ካርድ አውጥተዋል?» አላት። አውጥታለች። ከዚያ በኋላ የጠየቀችው ስለ መሬት ፖሊሲ ወይም ስለ አንቀጽ 39 አልነበረም። «ይኼንን ሽንት ቤት ማን ያስመጥጥልናል?» ነው ያለችው። ስምንት አባወራ የሚጋራው ጉድጓድ ከሞላ ወራት አልፎት ነበር። እርሱም ትንሽ አሰብ አደረገና «ማዘጋጃ ቤቱ ሲያዝ እሱም ይያዛል፤ እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ እትዬ?» ሲል መለሰላት።

«እኔ አለሁ» የምትለዋን ቃል እንያት። ይህ ሰው ምንም ሥልጣን አልነበረውም፤ ዕጩም አልነበረም። ታዲያ በምን አቅሙ «አለሁ» አለ? ዋስ መሆኑ ነበር። እናቴ ፕሮግራሙን አላነበበችም፤ ዕጩውን በዓይኗ አላየችም። የምታውቀው ልብስ ሰፊውን ነው፤ የልጆቿን ዩኒፎርም በዱቤ የሰፋላትን ሰው። ድምፅዋን የሰጠችው በእርሱ ዋስትና ነው። በየሰፈሩ በር እያንኳኩ ሰው የሚያደራጁ ሁሉ፣ ያወቁትም ይሁን ያላወቁት፣ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ለማያውቁት ሰው ለሚያውቁት ሰው ዋስ ይሆናሉ።

የከተማ ምክር ቤት ወንበር ከፓርላማው ወንበር የሚለይበት ነገርም እዚህ ላይ አለ። በቂርቆስ ሰው ሕይወት ውስጥ መንግሥት ማለት ከሁሉ በፊት ቀበሌ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። (ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ምሕፃረ ቃል ነው፤ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ በመንግሥት ቤት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።) ጣራው ሲያፈስ ቀበሌ፣ ግድግዳው ሲዘም ቀበሌ፣ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ። ሲቋቋም ነዋሪው ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት ማኅበር ይሆናል የተባለለት ቀበሌ፣ ብዙም ሳይቆይ መኢሶንና ኢሕአፓ የሚገዳደሉበት፣ ቀጥሎም ደርግ ወጣቱን የሚያስርበትና የሚገርፍበት ሆነ። ያንን ያየ ትውልድ በ1997 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ ያቺን በጣም የቀረበችውንና በጣም ያስፈራችውን የመንግሥት በር እንደገና የእኔ ላድርጋት ማለቱ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ቅንጅት ድምፅ ተሰርቋል አለ፤ ገዥው ፓርቲ ካደ። ሥራውን የሚያስረክበው ፓርላማ ከመበተኑ በፊት፣ አጀንዳ ማስያዝ ለአናሳው ወገን እንዲከብድ የአሠራር ደንቡን ለወጠ። በሰኔና በጥቅምት በተነሣው ግጭት የሞቱት ሰላማዊ ሰዎች 193 መሆናቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። የቅንጅት መሪዎችም፣ ፓርቲው ለከንቲባነት ያጫቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጭምር፣ ታሠሩ፤ የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ በይቅርታ ነው። ከእስሩ በፊት ግን አንድ ውሳኔ ነበር። ፓርቲው ምክር ቤት አልገባም አለ፤ አንዳንዶቹ ገቡ፣ ሌሎቹ ቀሩ። የከተማው ምክር ቤትም 137 ተመራጮች እያሉት ሳይሰበሰብ ቀረ። በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ አስተዳደር ተሾመና እስከ 2000 ዓ.ም. ቆየ። ስሙንም «የባለአደራ አስተዳደር» አሉት።

ባለአደራ! ለመሆኑ አደራውን የሰጠው ማን ነው? ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. አቶ እስክንድር ነጋና ጓደኞቻቸው ባልደራስ አዳራሽ ተሰብስበው የአዲስ አበባን ጥቅም እናስጠብቃለን ሲሉ፣ ያቋቋሙትን አካል «የባለአደራ ምክር ቤት» ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ከመንግሥት የመጣ፣ ሁለተኛው ከተቃዋሚ የመጣ ነው፤ አሳባቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ ሁለቱም በዚህ ስም ሲጠሩ አደራ ሰጪው ነዋሪ ድምፅ አለመስጠቱ ነው። (ሁለተኛው በኋላ ፓርቲ ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ተወዳድሯል፤ መሪው እስር ቤት ሆነው። ወንበር አላገኘም።) ሕዝቡ በእርግጥ አደራ የሰጣቸው እነዚያ 137ቱ ብቻ ነበሩ።

አለመግባት ትክክል ነበር የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ተራ አይደለም። «ገብተን ብንቀመጥ ስርቆቱን ክርስትና ማንሣት ይሆንብን ነበር፤ በጀቱንና ፖሊሱን ያልያዘ ከንቲባ የሌላውን ኃጢአት ተሸካሚ ነው» ይላሉ። ደግሞም «ደጋፊያችንን ሰብስበን ጠይቀናል፤ አትግቡ ያለን እርሱ ነው» ይላሉ። ይህ ሁለተኛው ከበድ ይላል። አደራ ሰጪው ራሱ «ተወው» ካለ፣ ተቀባዩ ምን ዕዳ አለበት?

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። አዳራሽ የሚመጣው ማን ነው? የተቆጣ፣ ወጣት፣ ጊዜ ያለው፣ ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው። እናቴ አዳራሽ አልሄደችም። የሰጠችው ካርድ ግን ከአዳራሹ ሰው ካርድ አላነሰም፤ የሰጠችበትም ምክንያት ሌላ ነበር። ሰው ራሱን ጾም አስይዞ ቢሞት መብቱ ነው እንበል። የጎረቤቱን ልጅ ራት ይዞ «በተቃውሞ አልበላም» ቢል ግን ያ ተቃውሞ አይባልም። የፓርላማውን ወንበር መተው የትግል ስልት ነው ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር እሰማዋለሁ፤ ፓርላማ የአገር ጉዳይ የሚወሰንበት ነውና፣ ቀሪነትም እዚያ ራሱን የቻለ ንግግር ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ወንበር ግን ሌላ ነው። ባዶ ሲቀር የሚናገረው ነገር የለም፤ ጉድጓዱ ይሞላል እንጂ።

በአየርላንድ ሺን ፌን የተባለው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1918 በብሪታንያ ፓርላማ 73 ወንበሮች አሸንፎ አንዱም ላይ አልተቀመጠም። የእኛዎቹን የሚደግፉ ይህን ይጠቅሳሉ። ሁለት ነገር ይረሳሉ። አንደኛ፣ ሺን ፌን አልገባም ያለው ከምርጫው በፊት ነው፤ መራጩ የሚሰጠው ድምፅ ለባዶ ወንበር መሆኑን አውቆ ሰጠ። ሁለተኛ፣ ይኸው ፓርቲ ዛሬም ለንደን አይገባም፤ በገዛ አገሩ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ግን ተቀምጦ ስለ ቆሻሻና ስለ መንገድ መብራት ይከራከራል። ልዩነቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ሚልዋኪ በምትባል ከተማ ሶሻሊስቶች እ.ኤ.አ. በ1910 ከንቲባነቱን ያዙ። ከመካከላቸው ዳንኤል ሆን የተባለው ከ1916 እስከ 1940 ለ24 ዓመታት ከተማዋን መርቷል። አብዮት እንጠብቃለን የሚሉት ጓዶቻቸው «የፍሳሽ ቦይ ሶሻሊስቶች» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር፤ ስለ ቦይና ስለ ንጹሕ ውሃ አብዝተው ያወሩ ነበርና። እነርሱ ስድቡን እንደ ማዕረግ ወሰዱት። እኔም የእናቴን ጥያቄ እያስታወስሁ ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ።

ባዶ የቀረ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም። ኢሕአዴግ ከ1997 ዓ.ም. ሽንፈት የተማረው ትምህርት ቢኖር የበር ማንኳኳትን ጥቅም ነው። አባላቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች ተነሥተው ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆኑ። የሴቶች ሊግ፣ የወጣቶች ሊግ፣ በመጨረሻም አንድ ለአምስት መጣ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ደረሰ። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ኅብረትና ኦፌዴን ዕጩዎቻችን ተዋከቡ ብለው ሲወጡ ሜዳው ጠበበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ጭራሽ አልተወዳደሩም። የሚገርመው፣ በሩን የሚያንኳኩት ሰዎች ዓይነት አልተለወጠም፤ ያው ጎረቤት ነው። የተለወጠው ጥያቄው ነው። የቀድሞው «ምን ቸግሮዎታል?» ይል ነበር። አዲሱ «ስብሰባ ለምን ቀሩ?» ይላል። ዋስ የነበረው ተቆጣጣሪ ሆነ።

በ2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢዜማ መዋቅሩን በምርጫ ወረዳ ላይ ሲያቆም፣ አንድ ሰው ከዚያ ዘመን ተምሯል ብዬ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ከአዲስ አበባ አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኘም። የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ደግሞ ከዚያ ጋር አልተካሄደም፤ ስለዚህ የሰፈር አደራጅ ሊታገልለት የሚችለው ትንሿ ወንበር ለውድድር አልቀረበችም።

ልብስ ሰፊው በ1998 ዓ.ም. ሳምንታት ታስሮ ተፈታ። ሲመለስ ማንም አልወቀሰውም። እናቴም ስለ ሽንት ቤቱ አላነሣችበትም። እርሱ ግን ለብዙ ጊዜ በእኛ በር ሲያልፍ ፈጠን ይል ነበር። ይህን ሰው ሳስብ፣ በአለመግባቱ ክርክር ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሣቱ ያስቆጨኛል። መሪዎቹ ለሕዝብና ለታሪክ ያላቸውን ኃላፊነት ተከራክረዋል፤ ለዋሶቻቸው ስላለባቸው ዕዳ ግን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ይህን የሚያውቅ ተቋም በየሰፈራችን አለ፤ ዕድር። በዕድር ሰው ሲጠቆም እምቢ ማለት ይችላል፤ እንዲያውም እምቢ ማለት ወግ ነው። «ሥራ ይበዛብኛል፣ ታምሜአለሁ፣ ከእኔ የሚሻል አለ» ይባላል። አንዴ «እሺ» ካለ በኋላ ግን ሒሳቡን፣ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ሰሐኑን ቆጥሮ ሳያስረክብ የሚሄድ የለም። ከዳኛው ጋር ቢጣላም፣ ጉባኤው በድሎኛል ቢልም፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ መተከል አለበት። ቅሬታው ከቀብር በኋላ ይሰማል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ፣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ስለ ቦታው፣ ስለ ጊዜው፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ጥያቄ የነበረው ሰው ድምፅ ሰጥቶ የመረጠውን የወረዳ ተመራጭ ስም የሚጠራ አላገኘሁም። የዕድሩን ዳኛ ግን ሁሉም ያውቃል። ዕድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል በሚል በተጠራው ጉባኤ ላይ ነበርኩ። በሁለት ታክሲ የመጡ ነበሩ፤ በሦስት የመጡም ነበሩ። ዳኛው የአሥራ አንድ ወር ሒሳብ በደረሰኝ በደረሰኝ አነበበ፤ ሰዓቱ መሸ፣ የቸኮለ ግን አልነበረም። ይቀጥል ተባለ፤ መዋጮው በቴሌብር እንዲገባ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ቂርቆስ አካባቢ ባልፈረሰ አንድ ግቢ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ገንዘብ ያዥ መመረጥ ስለነበረበት ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። ሁለቱ አሻፈረን አሉ። ሦስተኛዋ ሴት «ገላን ጉራ ነኝ እኮ፣ በየወሩ እንዴት እመላለሳለሁ?» ብላ ለረጅም ጊዜ ተከራከረችና፣ ደብተሩን ተቀብላ ከፌስታሏ ውስጥ ከተተችው።