ሕመምን መሸፈንና ሕመምተኛን መሰወር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ምክር ነው። በእኛ ዘመን ግን ይህን ምክር የሚፈታተን ነገር ተገኝቷል። ጭንቀት፥ ድብርት፥ ወይም በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማጣትና የቅብጥብጥነት ሕመም ያለበት ሰው በሩን ዘግቶ፥ ስልኩን ከፊቱ አቁሞ፥ ከማያውቀው የአእምሮ ሐኪም ጋር በመስኮት እየተያየ ይነጋገራል፤ ማዘዣው ወደ ፋርማሲ ይተላለፋል፤ መድኃኒቱም አንዳንድ ጊዜ በፖስታ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ሚስት አላወቀች፥ ጎረቤት አልሰማ፥ ማኅበርተኛ አልጠረጠረ። እነሆ በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒት አገኘ። ታዲያ የአበው ቃል ተሽሯልን? ይህንስ ሕክምና እንደ በረከት እንቀበለው፥ ወይስ እንደ መደበቂያ ዋሻ እንፍራው?

ነገሩ በመሠረቱ እንደሚመስለን አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በነብራስካ፥ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. የአእምሮ ሐኪሞች በቴሌቪዥን መስመር ማከም ጀምረው ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ከኦማሃ 112 ማይል ርቆ ኖርፎክ ወደሚገኘው ሆስፒታል መስመር ተዘረጋ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ሕመምተኛው ባለበት ሐኪሙ አልነበረም። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ከቤቱ ባዋለ ጊዜ ግን ጥቂቶች ይሄዱበት የነበረው መንገድ የብዙዎች መንገድ ሆነ። ለጭንቀትና ለድብርት በንግግር የሚሰጠው ሕክምና በመስኮት ሲሰጥም ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙ እንደማያንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ለስደተኛው ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ብዙዎችን ያዳነ ቤት ሆኖ ሳለ፥ ስሙ በሰው አፍ እንደ ስድብ ሲነገር ሰምተን አድገናል። ያን ፍርሃት ባሕር ተሻግረን ይዘነው መጥተናል። በስደት አገር ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፤ በክሊኒኩ መጠባበቂያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዘመድ፥ የሚያስተረጉመውም የሰፈር ሰው ሊሆን ይችላል። ታክሲ የሚነዳ፥ ፓርኪንግ የሚጠብቅ፥ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ወገናችን ለአንድ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ሥራ መተው አይሆንለትም። አማርኛ የሚሰማ ሐኪም ቢገኝም በሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለው ሐኪም ባብዛኛው ሕመምተኛው በተቀመጠበት ስቴት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል እንጂ መንገዱስ አጥሮለታል። ስለዚህ ገመናን ሸፍኖ መታከም ነውር አይደለም።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል የአምፌታሚን ዘር የሆኑት ሱስ ሊያስይዙ ስለሚችሉ በሕግ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋሉ። መስኮት ደግሞ የደም ግፊት አይለካም። ከዚህም በላይ የሐሳብ መበታተን ከእንቅልፍ ማጣት፥ ከድብርት፥ ከሌሊት ሥራም ይመጣል፤ ይህን ከዚያ ለመለየት ታግሦ መጠየቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በኢንተርኔት ባገኘው መድኃኒት በሞተው ወጣት በራያን ሄይት ስም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በኢንተርኔት የሚያዝ ሐኪም አስቀድሞ ሕመምተኛውን በአካል እንዲያይ ያዘዘው ስለዚህ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ትእዛዙ ላላ፤ በሰኔ 2024 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ የርቀት ሕክምና ኩባንያ መሥራችና የሕክምና ኃላፊው እነዚህን መድኃኒቶች ለትርፍ ያለ አግባብ አሠራጭተዋል ተብለው ተይዘው ተከሰሱ። ምሥጢርም ቢሆን ሁልጊዜ ምሥጢር ሆኖ አይቀርም። ቤተርሄልፕ የተባለው የምክር አገልግሎት ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል በመባሉ በ2023 ዓ.ም. 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ ታካሚው የሐኪሙን ፈቃድ፥ የምሥጢሩንም አጠባበቅ አስቀድሞ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

እንግዲህ መመዘኛው ርቀት አይደለም እንላለን። ከአጠገባችን ተቀምጦ ዓይኑን ከወረቀቱ የማያነሣ ሐኪም ሩቅ ነው፤ በመስኮት ሆኖ ጠይቆ፥ አዳምጦ፥ ከሦስት ሳምንት በኋላ «እንዴት ሰነበትህ?» የሚል ቅርብ ነው። መመዘኛው ኃላፊነት ነው፤ የዚህ ሰው ነገር የሚገደው ማን ነው? የድብርት መድኃኒት ሥራው በሚገባ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አነጋግሮ መስኮቱን ይዘጋል፤ የቀረውን ሌሊት ሕመምተኛው ከማን ጋር ያሳልፈዋል? የድብርት ጠባይ ሰውን ከሰው መለየት ነው። ገመናን የሸፈነው የተዘጋ በር ውሎ አድሮ የሕመሙ ረዳት ሊሆን ይችላል። ሕመምን መሸፈን ሌላ፥ ሕመምተኛን መሰወር ሌላ የምንለው ስለዚህ ነው። አበውም ቢሆኑ በሽታህን በገበያ ንገር አላሉም፤ ከሁሉም የተሰወረ ሰው የሚደርስለት እንደማያገኝ አስጠነቀቁ እንጂ። ለአንድ ታማኝ ሰው መንገር ይህን ምክር መፈጸም ነው።

ይሁንና ሸክሙን ሁሉ በታመመው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። በሩን የዘጋው ከማን ነው? ከእኛ ነው። መደበቁ በአንደበታችን ላይ ምስክር ነው። የታመመውን «እምነት ጎድሎህ ነው» አንበለው። ጠበል ሊጠመቅ የመጣውንም መድኃኒትህን ጣል አንበለው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቆም ይጎዳል። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ዓ.ም. ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚችሉ መግለጻቸው ለዚህም ነገር ብርሃን ይሰጠናል። ልጆቻችንን የወላጆቻቸው የሕመም አስተርጓሚ አናድርጋቸው፤ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ እስከ ቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ በአሜሪካ 988 ሌሊትም ቀንም ይመልሳል፥ አስተርጓሚም ያገናኛል።

ከዚህ የቀረው የሐኪም ሥራ ሳይሆን የእኛ ነው። ምሥጢር አደራ የተቀበለ ወዳጅ እንዲህ ያደርጋል፤ በሽታውን አይመረምርም፥ ለሌላ አያወራም፤ ቡና አፍልቶ ይጠራዋል፥ መልስ ባያገኝም ደግሞ ይደውላል፥ ዝም ቢባል አብሮ ዝም ይላል። ይህ የማንኛችንም አቅም ነው።

አምላክ ሕሙማንን ይማርልን፤ ለእኛም የሚጠብቅ አንደበትና የሚጎበኝ እግር ይስጠን።